በስክሪኑ ላይ የነበረው አንቀጽ

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

አዴ ድርቤ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤታችን አንጋፋዋ ታይፒስት፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ ከወንበራቸው ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ። ስክሪኑ እየተርገበገበ አስቸግሯቸዋል። «ኢንተላ ኮ፣ የሠራሽው ነገር ጥሩ ነው። ግን አንድ ፊደል በነካሁ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ቤቴ ገብቼም ዓይኔ ውስጥ አይጠፋም» አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

እውነታቸውን ነው። አንድ ፊደል በተነካ ቁጥር ስክሪኑን በሙሉ አጥፍቶ እንደገና እንዲጽፍ አድርጌ ነበር የሠራሁት። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ማንም አያስተውለውም ነበር። የኛዎቹ ግን በእርዳታ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በኮንትራት ስቀጠር ስድስቱም ከነአቧራቸው ጥግ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ዊንዶውስ አይችሉም። ቀለል ያለ ሲስተም ጫንኩባቸውና የመጻፊያ ፕሮግራሙን ራሴ ሠራሁት። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ ማውዝ የለው፣ ሥዕል የለው። ሠራተኛው ጉራቻ ይለዋል፤ ጥቁሩ እንደማለት። የመሬት ክፍፍል ቃለ ጉባኤም ሆነ የድንበር ስምምነት ሁሉ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የሚተየበው በሱ ነው። ሰው ተሳስቶ ያጠፋውን የሚመልሰው ቁልፍ ላይ አዴ ድርቤ ፕላስተር ለጥፈው «ዴቢሲ» ብለው ጽፈውበታል፤ መልሺ ነው ትርጉሙ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ዴቢሲ እንለዋለን።

እስከ ሰኞ አስተካክለዋለሁ አልኳቸው።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ተስተካከለ። ጉራቻ አሁን ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለብቻው ቅጂ አድርጎ ይይዛል፤ አዲሱን ከቅጂው ጋር መስመር በመስመር እያስተያየ የተለወጠውን መስመር ብቻ ይጽፋል። ያልተነካው ባለበት ይቆያል።

አዴ ድርቤ አንድ ገጽ ሙሉ ተየቡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ረጋ» አሉ። ቀጥለውም «ኤቢፈሚ፣ ተባረኪ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ዴቢሲንም ሃያ ጊዜ ያህል ሞክሬዋለሁ። በአጫጭር ጽሑፍ ነው። ረጃጅሙን ልሞክር ስል መብራት ሄደ።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ኦቦ ጨመዳ፣ ኃላፊያችን፣ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጳጉሜን 4 ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ጉራቻን አይተው ከወደዱት ዲጋን ጨምሮ ለአምስት ወረዳ ይወስዱታል። «ያኔ ኮንትራት የሚባል ነገር ያበቃል። ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ለእማዬ ስነግራት ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች፤ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ አልተመለሰችም።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

መብራት አራት ጊዜ ሄደ። ዝናብ። የባልደረባችን የአቶ ደረሳ ኮምፒውተር አልነሳ አለ። አዴ ድርቤ ከወዲያ ጠሩኝ፤ «ዴቢሲ ስለው የተመለሰው መስመር ቆይቶ ጠፋ፣ ወይስ ዓይኔ ነው?» አሉኝ። ቆይቼ አየዋለሁ አልኳቸው።

አላየሁትም። እዚህ የጻፍኩት ነገ እንዳልረሳው ነው።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

ለእንግዶቹ የማሳየውን እያዘጋጀሁ ነው። ሌላ ሥራ አልደረሰልኝም።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ገላኔ የምትባል ሴት ከጉቶ ጊዳ መጣች። ጫማዋን በር ላይ ካለው ድንጋይ ጋር አፋፍቃ ጭቃውን አራግፋ ነው የገባችው። በእጇ በፕላስቲክ የጠቀለለችው የኛ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ።

አባታቸው ሲሞቱ መሬቱን ሽማግሌዎች ለሦስት ልጆች አካፍለዋል። የእጅ ጽሑፉ ሐምሌ ወር ላይ እኛ ጋ መጥቶ ተተየበ፣ ማኅተም ተደረገበት፤ አንድ ቅጂ እዚህ ቀረ፣ ሌላው ከእጅ ጽሑፉ ጋር ለታላቅ ወንድሟ ለኢቢሳ ተሰጠ። እሷ ማንበብ አትችልም። ሰሞኑን ማሳዋ ውስጥ ስታርም ወንድሟ መጥቶ «ይሄ ያንቺ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የለሽም» አላት። ወረቀቱን ከሱ ተቀብላ ተማሪ ፈልጋ አስነበበችው። የኢቢሳ ድርሻ አለ፣ የታናሽ ወንድሟም አለ፣ የሷ አንቀጽ የለም።

«ሽማግሌው ሲናገር ሰምቻለሁ፤ የጻፈውም ሲጽፍ አይቻለሁ» አለች በኦሮምኛ። «ከወንዙ ማዶ ያለው በቆሎና ቡናው የገላኔ ነው ብሏል። አሁን የት ሄደ?»

የእጅ ጽሑፉን ኢቢሳ ጣሪያ አፍስሶበት ቀለሙ ታጥቧል ይላል። ስለዚህ ያለው የኛ ወረቀት ብቻ ነው።

የተየቡት አዴ ድርቤ ናቸው። ኦቦ ጨመዳ ጠሯቸው፤ ሁላችንም ሰማን።

«ትዝ ይለኛል» አሉ አዴ ድርቤ። «ሦስቱም አንቀጽ አጀማመሩ አንድ ነው። ሁለት ጊዜ የተየብኩት መስሎኝ የሷን አጠፋሁ። ወዲያው አወቅሁና ዴቢሲ አልኩት፤ ተመለሰ። ኢጃን አርጌ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። አስቀመጥኩና ዘጋሁ።»

«ወረቀቱ ላይ ግን የለም።»

«ስክሪኑ ላይ ነበረ።»

ኦቦ ጨመዳ ወረቀቱን አገላብጠው ወደ ጠረጴዛው ጣሉት። ግርጌው ላይ «ከእጅ ጽሑፉ ጋር ተመሳክሯል» የሚል አለ፤ ከሥሩ የሳቸው ፊርማ። የዚያን ቀን መብራት ሲመጣና ሲሄድ ስለነበር አታሚው ሲሠራ በጥድፊያ ነበር የፈረሙት። ስለዚያ ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም።

ነሐሴ 7፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሰው ሳይገባ የአዴ ድርቤን ኮምፒውተር ከፈትኩ።

ጉራቻ ለመብራት መቋረጥ ብዬ የሠራሁለት አንድ ነገር አለው፤ የተየበውን፣ ያጠፋውን፣ የመለሰውን ሁሉ ከነሰዓቱ ዲስክ ላይ በተራ የሚመዘግብ ፋይል። ወረቀቱ የተተየበበት ቀን መዝገብ አለ። አንቀጹ ይገኝበታል፤ «ገላኔ» ከሚለው ጀምሮ ሙሉው። የጠፋው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ከስምንት ሰከንድ በኋላ ዴቢሲ ተጭኗል።

ያንኑ አንቀጽ በሌላ ፋይል ተይቤ አጠፋሁና ዴቢሲ አልኩት። ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። አስቀምጬ ዘግቼ ስከፍተው የለም።

ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። የማሽኖቹ ሜሞሪ ጠባብ ስለሆነ ዴቢሲ በአንድ ጊዜ የሚመልሰውን ጽሑፍ መጠን ወስኜበታለሁ። ከዚያ የበለጠ ሲሆን ጽሑፉ አይመለስም፤ ሐምሌ ላይ የጨመርኩት የስክሪን ቅጂ ግን የቀድሞውን መስመር መልሶ ያሳያል። የገላኔ አንቀጽ ከሦስቱ ረጅሙ ነው። ወንዙ ስለሚጠማዘዝ የወሰኑ ስም ይበዛል።

ይመስለኛል ያልኩት እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው። ደህና አድርጌ ማየት አለብኝ። አዴ ድርቤ ሲገቡ አጥፍቼው ተነሳሁ። «ሻይ ጠጪ እንጂ፣ ገና ነው» አሉኝ። ሥራ አለኝ አልኳቸው።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

አዴ ድርቤ ጉዳያቸው እስኪጣራ ከሥራ ታገዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩበትን ወንበር ራሳቸው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርገውት ወጡ።

መዝገብ ቤት በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ኢቢሳ ሳያጎርሳት ይቀራል?» «በዓይኔ አየሁት ትላለች ደግሞ።» ሳቁ። እኔ ወረቀት የምፈልግ መስዬ አለፍኩ።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ሊፈታ ነው። እማዬ ዘንድሮ ከወትሮው ይልቅ አክርራ ነው የጾመችው፤ ለኔ ቋሚነት ተስላለች መሰለኝ። ዛሬ ምሳ ላይ እንዲህ አለች፦ «ድርቤ ጴንጤ ናት፣ ከኛ ጋር አትጾምም። ግን እኔ ከጎጃም መጥቼ እዚህ አገር ከሰው ስተዋወቅ ጀምሮ ዋሽታ ሰምቼ አላውቅም። ምን አግኝቷት ነው?»

«ይጣራል» አልኳት።

«ማን ነው የሚያጣራው?»

ኮሚቴ አልኳት።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

ስህተቱን ከጉራቻ ውስጥ አወጣሁት። ከአርባ መስመር አይበልጥም። አሁን መመለስ ካቃተው ስክሪኑም አይመልስም፤ «አልተመለሰም» ብሎ ይጽፋል። መጠኑንም አሰፋሁት። ረጅም፣ አጭር፣ መብራት ነቅዬም ጭምር መቶ ጊዜ ሞከርኩት።

በአምስቱ ኮምፒውተር ጫንኩ። አዲሱ ሲጫን አሮጌውን መዝገብ ያጠፋል። የአዴ ድርቤን ዛሬ አልጫንኩትም። ሌላ ቀን ይደርሳል።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

አዴ ድርቤን ልጠይቅ ወደ ሰፈራቸው ቡርቃ ጃቶ ሄድኩ። ባጃጁ ከዋናው መንገድ አልፎ መግባት ስላልቻለ ቀሪውን በጭቃው በእግሬ ነው የሄድኩት።

በራፋቸው ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ ነበር። አዲስ መነጽር አድርገዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ። ከቢሮ ሊጠይቃቸው የመጣ የመጀመሪያ ሰው እኔ ነኝ።

«ዓይን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «አንድ ነገር አለበት ወይ ብዬ። ለንባብ ደክሟል እንጂ ሌላ የለበትም አለኝ። ግን እኔ ማሰብ ጀመርኩ። ሰው እንዲሆን የሚፈልገውን ያያል ይላሉ። ምናልባት እንዲመለስ ስለፈለግሁ የተመለሰ መስሎኝ ይሆናል። አንቺ የሠራሽው ሰው ነሽ፤ እንደዚያ ይሆናል?»

ወተት አቅርበውልኝ ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አላውቅም» አልኩ።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ለገላኔ ግን ሰው ላክሁላት። አጥፍቼብሽ ከሆነ ይቅር በዪኝ ብዬ።»

ሲሸኙኝ ጃንጥላቸውን ሰጡኝ። አልፈልግም ብል እሺ አላሉም። እየዘነበ አልዘረጋሁትም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ነሐሴ 28፣ ማክሰኞ

ኦቦ ጨመዳ ዛሬ እንዲህ አሉ፦ «እንግዶቹ የሚቀመጡት ድርቤ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው። ነገ እሱንም በአዲሱ አድርጊው። ስድስቱም አንድ ይሁኑ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ለመጫን አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ በኋላ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ምን እንደተፈጠረ ማሳየት አይችልም። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ እስከ ዛሬ ያልጫንኩት ለአዴ ድርቤ ብዬ ነው ልል አልችልም። ያልጫንኩት እንዳልመርጥ ነው።

ተነስቼ ወደ ኦቦ ጨመዳ ቢሮ ተመለስኩና በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መዝገቡ እንዳለ፣ ስህተቱ የኔ እንደሆነ፣ አዴ ድርቤ ያዩት ነገር በእርግጥ ስክሪኑ ላይ እንደነበረ።

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ኮሚቴው ዓርብ ነው» አሉ። «እንግዶቹ ሰኞ ናቸው። ሦስት ቀን ነው ልዩነቱ። ዓርብ ዝም በይ። በማስጠንቀቂያ እንዲያልፏት እኔ አደርጋለሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መዝገቡን እናወጣዋለን።»

«ገላኔስ?»

«መሬቱ የትም አይሄድም።»

«ኢቢሳ በቆሎውን ሊቆርጠው ነው እየተባለ ነው።»

«ብፅዓት» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልከረረም። «እዚያ ወረቀት ላይ ማን እንደፈረመ አይተሻል። እኔ የምልሽን የምልሽ ላንቺም ብዬ ነው። አምስት ወረዳ እኮ ነው።»

ሰው መጣና ወጣሁ። ኮምፒውተሩን አልጫንኩትም። መዝገቡን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት።

ነሐሴ 30፣ ሐሙስ

ነገ። ምሳ አልበላሁም። እማዬ «ኪዳነ ምሕረት ደርሰሽ ነይ» አለችኝ። አልሄድኩም። ሄጄ ምን እላለሁ?

ጳጉሜን 1፣ ዓርብ

ባጭሩ እጽፈዋለሁ።

አዴ ድርቤ ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ገላኔም ተጠርታለች። ሰብሳቢው ጥያቄውን ሲጀምር በሩን አንኳኩቼ ገባሁ፤ የአዴ ድርቤን ኮምፒውተር ራሴ ተሸክሜ። ስክሪኑን አቶ ደረሳ ናቸው የያዙልኝ።

«ምንድን ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«የጠፋው አንቀጽ ነው» አልኩ።

ኦቦ ጨመዳ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በፊታቸው ረጅም አንቀጽ ከፈትኩ። አጠፋሁት። ዴቢሲን ጫንኩ። «ይታያችኋል?» አልኩ። ሁሉም ይታያል አሉ። ሰብሳቢው እንዲያውም የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። አስቀመጥኩ፣ ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ። አልነበረም። ሰብሳቢው ወንበሩን ጠጋ አድርጎ እንደገና አሳዪኝ አለ። አሳየሁት። ከዚያ የሐምሌውን መዝገብ ከፍቼ የገላኔን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ወንዙን፣ የወሰኑን ዛፍ፣ የጎረቤቶቹን ስም። ገላኔ በየስሙ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

«እሱ ነው» አለች ስጨርስ። ወደ አዴ ድርቤ ዞራም «አይተዋል ለካ» አለቻቸው።

አዴ ድርቤ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

ሰብሳቢው ጠየቀኝ፦ «ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ነሐሴ ሃያ ስምንት» አልኩ።

ጸሐፊው ጻፈው። ኦቦ ጨመዳ ቀና ብለው አዩኝ፤ ለሳቸው የነገርኩበት ቀን ስለሆነ ውሸት አልመሰላቸውም ይሆናል። አዴ ድርቤም አዩኝ። ከዚያ መነጽሩን መልሰው አደረጉ።

ጳጉሜን 4፣ ሰኞ

እንግዶቹ አልመጡም። በስልክ ነው የቀረው፤ «እስኪጣራ» ተብሏል። አምስቱ ወረዳ ቀርቷል ማለት ነው። ኦቦ ጨመዳ ሰላምታዬን ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ መለሱ። የኔ ኮንትራት መስከረም 30 ያበቃል። ስለ ደብዳቤው ማንም አላነሳም።

እማዬ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ምነው መጀመሪያውኑ ባደረግሽው» አለች። መጀመሪያውኑ ማወቄን አልነገርኳትም። ከየት አመጣችው?

መስከረም 6፣ ሰኞ

አዴ ድርቤ ወደ ሥራ ተመለሱ። ገላኔም የታረመውን ቅጂ ልትወስድ መጣች። ኢቢሳ ከግማሽ በላይ የሆነውን በቆሎ ቆርጦ ለከብት አብልቶታል፤ ቡናውን ግን አልነካውም። ሽማግሌዎቹ ስለ በቆሎው ይቀመጣሉ ተብሏል። ወረቀቱን ይዛ ወደኔ መጣችና «የኔ ስም የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች።

ያ በቆሎ ነሐሴ 7 ቀን አልተቆረጠም ነበር።

መስከረም 9፣ ሐሙስ

አዴ ድርቤ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል። ሻይ ሲያፈሉ ለኔም ያፈላሉ። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 13፣ ሰኞ

የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ለዞን እንዲላክ መተየብ አለበት። በቁቤ አሳምሮ የሚተይብ ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ ለራሳቸው ለአዴ ድርቤ ተሰጠ። ጠዋቱን ሙሉ ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ እሰማ ነበር። ከሻይ በኋላ ቆመ።

«ብፅዓት፣ እስኪ ነይ። ይቺን ቀን አንብቢልኝ» አሉኝ።

ከኋላቸው ቆምኩ። የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ እንደ መጽሐፍ የጠራ ነው። ሃያ ስምንት ይላል። ፊታቸው ወደ ስክሪኑ ነው፤ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ነሐሴ ሰባት» አልኩ።

«እዚህ ሃያ ስምንት ነው የሚለው።»

«ሰባት ነው። ማክሰኞ ጠዋት። እርስዎ ሲገቡ አጥፍቼው የተነሳሁ ቀን።»

አልዞሩም። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። የእጅ ጽሑፉን ከኮምፒውተሩ ጎን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፉት፤ እስክሪብቶም አስቀመጡበት።

«እንግዲያው መጀመሪያ እዚህ ላይ አርሚና ፈርሚበት» አሉ። «እኔ የተጻፈውን ነው የምተይበው።»

ሃያ ስምንቱን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከላዩ ሰባት ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። የዛሬን ቀንም ጨመርኩ። ፊርማዬ ይነበባል።

አዴ ድርቤ ተየቡት። ሦስት ቅጂ አተሙ። ከዚያ ማስመሪያ አውጥተው የታተመውን ከእጅ ጽሑፉ ጎን ዘርግተው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ መስመር በመስመር አመሳከሩ። ቀኑ ላይ ሲደርሱ ማስመሪያው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደ።

ሲጨርሱ ሦስቱንም ሰብስበው ሰጡኝ።

«ለኦቦ ጨመዳ አንቺው ራስሽ ውሰጂላቸው» አሉ።

ወሰድኩላቸው።